የ197 ብር ከ50 ጉዳይ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለጎንደር አሠሪዎች፣ ለሒሳብ ሠራተኞችና ለግብር ሰብሳቢዎች

ይድረስ፦ በጎንደር ሰው ቀጥራችሁ ለምታሠሩ ሁሉ፤ ፔሮል (የወሩን የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ለምትሠሩ የሙያ ባልደረቦቼ፤ ከሠራተኛ ደመወዝ የተቀነሰውን ግብር ለምትረከቡ መሥሪያ ቤቶች።

ጤና ይስጥልኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የሌላ ሰው ደመወዝ ስደምርና ስቀንስ የኖርኩ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አሁን ከጃንተከል ዋርካ ብዙ በማይርቅ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ ጠረጴዛ ይዤ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የትናንሽ ሱቆችን መዝገብ እይዛለሁ፣ ግብሩን ሊያሳውቅ የሚሄድ ሰው ሲመጣም ቅጹን አብሬው እሞላለሁ። ይህን ደብዳቤ በዚህ ሳምንት የምጽፈው የጥር ፔሮል ሳይዘጋ እንዲደርሳችሁ ብዬ ነው።

ባለፈው ኅዳር አንዲት የሆቴል አስተናጋጅ ሦስት ቁራጭ ወረቀት ይዛ መጣች። ወንድሟ ከባንክ ሊበደር ዋስ ሁኚልኝ ብሏት፣ ባንኩ ደግሞ የሦስት ወር የደመወዝ ማስረጃ ጠይቋት፣ የነሐሴን፣ የመስከረምንና የጥቅምትን ወረቀት ከአሠሪዋ ተቀብላ ነበር። እዚያ ቤት አራት ዓመት ሠርታለች። የደመወዟን ወረቀት በእጇ ስትይዝ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ጋሼ፣ ይህ ይበቃቸው ይሆን?» አለችኝ።

ለባንኩ ይበቃ ነበር። የእኔ ዐይን ግን ሌላ ቦታ አረፈ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ ደመወዝ 5,000፤ የሥራ ግብር 697.50፤ ጡረታ 350፤ የተጣራ 3,952.50።

የያዘችኝ ያቺ ሃምሳ ሳንቲም ናት። እስከ ሰኔ 2017 የሠራንበት ሠንጠረዥ፣ በአዋጅ ቁጥር 979/2008 የወጣው፣ ለየእርከኑ ከስሌቱ የሚቀነስ ቋሚ ቁጥር ነበረው፤ 60፣ 142.50፣ 302.50፣ 565፣ 955፣ 1,500። ፔሮል የሠራ ሰው እነዚህን ቁጥሮች እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዟቸዋል። 5,000 ብር በ20 በመቶ 1,000 ይሆናል፤ ከዚያ 302.50 ሲቀነስ 697.50 ይቀራል። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ግን በማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ሠንጠረዡ ተለውጧል። እስከ 2,000 ብር ድረስ ግብር የለም፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ላለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ላለው 20፣ እስከ 10,000 ላለው 25፣ እስከ 14,000 ላለው 30፣ ከዚያም ለሚያልፈው 35 በመቶ ነው። ተቀናሾቹም 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 እና 2,050 ሆነዋል። አንዳቸውም ሳንቲም የላቸውም። ድፍን ሺህ የሆነ ደመወዝ ላይ በግብሩ ረድፍ ሃምሳ ሳንቲም ካያችሁ፣ አሮጌው ሠንጠረዥ ገና ከቤቱ አልወጣም ማለት ነው።

በአዲሱ ስሌት የልጅቱ ግብር ድፍን 500 ብር ነው። በየወሩ 197 ብር ከ50 ሳንቲም ያለ አግባብ ተቆርጦባታል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት አራት ወር ነው፤ 790 ብር።

ለምን ቀደም ብላ አላወቀችም? ደመወዟ በባንክ ይገባል፤ ስልኳ ላይ በየወሩ «3,952.50 ገቢ ሆኗል» የሚል መልእክት ይደርሳታል። አዋጁ ከመለወጡ በፊትም 3,952.50፣ ከተለወጠ በኋላም 3,952.50። ያልተለወጠ ቁጥር ማንን ያነቃል? በሬዲዮ የደመወዝ ግብር ተቀነሰ ሲባል ሰምታለች፤ «እኔን አይመለከተኝም ይሆናል ብዬ ተውኩት» አለችኝ።

የሆቴሉን የሒሳብ ሠራተኛ አነጋገርኩት። ልጁን አልነቅፈውም። ከእርሱ በፊት የነበረው ሰው በኤክሴል የሠራውን ቀመር ተቀብሎ በየወሩ ስም ብቻ እየለወጠ ይሠራበታል። ሳጥኑ ውስጥ 302.50 ተጽፎ እንደተቀመጠ አላየም። አሳየሁት፤ ደነገጠ፤ ከኅዳር ጀምሮ አስተካከለ። ሠላሳ ምናምን ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ተስተካከለ፤ ምክንያቱ አንዲት ልጅ ለወንድሟ ዋስ ልትሆን ወረቀት መጠየቋ ብቻ ነው።

790 ብሩ ግን የት አለ? ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የተወሳሰበው። ሆቴሉ በአሮጌው ስሌት ቀንሶ በአሮጌው ስሌት አስገብቶ ከሆነ ገንዘቡ መንግሥት ካዝና ውስጥ ነው። ቀንሶ በአዲሱ ስሌት አስገብቶ ከሆነ የሆቴሉ መሳቢያ ውስጥ ነው። የደመወዝ ወረቀቱ ሁለቱን ሊለይላት አይችልም። ወረቀቱ «ተቀንሷል» ይላል እንጂ «ገብቷል» አይልም። ልጅቱ ወረቀቷን ይዛ ወደ አንድ የግብር መስኮት ሄደች፤ «አሠሪሽ ራሱ ይምጣ» ተባለች። አሠሪዋ ጋ ተመለሰች፤ «እንነጋገርበታለን» ተባለች። እስከ ዛሬም እየተነጋገሩበት ነው።

ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ላላወቀ ሰው በአጭሩ ልንገረው። በአንድ ቦታ ብቻ የተቀጠረ ሰው ራሱ ግብር ማሳወቂያ ቅጽ አይሞላም። አሠሪው በየወሩ ከደመወዙ ቀንሶ፣ የሠራተኞቹን ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ዘርዝሮ፣ ወሩ ካለቀ በ30 ቀን ውስጥ ያሳውቃል፤ ይከፍላልም። ቀንሶ ሳያስገባ የቀረ አሠሪ ባለ ዕዳው ራሱ ነው። አሠራሩ ጥሩ ነው፤ ሠራተኛውን ከወረፋ አድኖታል። ግን በዚህ ሁሉ ምልልስ ውስጥ የገንዘቡ ባለቤት የማያየው ሁለት ነገር አለ፤ ፔሮሉንና ለግብር መሥሪያ ቤቱ የሄደውን ዝርዝር። በእጁ ሊገባ የሚችለው ያቺ የደመወዝ ወረቀት ብቻ ናት፤ እርሷንም ከለከልነው።

ከለከልነው ስል ራሴን ጨምሬ ነው። ልናገረው። ደመወዝ በእጅ ይከፈል በነበረበት ዘመን ፔሮሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ መሐሉ ላይ በምላጭ የተቀደደ ካርቶን እደፋበት ነበር። ቀዳዳው የአንድ ጣት ስፋት አለው፤ ሠራተኛው ሲመጣ የፊርማ ቦታው ብቻ ይታየዋል። የጎረቤቱን ደመወዝ እንዳያይ ነው ብዬ ነበር ለራሴ የምነግረው። የራሱንም አያይም ነበር። አንድ አዛውንት የጥበቃ ሠራተኛ አንድ ቀን ካርቶኑን በሁለት ጣታቸው ቀስ አድርገው ወደ ግራ ገፉና፣ «የእኔን ብቻ ነው የማየው፤ አትቆጣ» አሉኝ። መልሼ ከደንኩት። ያን ያደረግሁበት እጅ ነው ዛሬ ይህን የሚጽፈው።

ሕጉ ግን ያኔም ዛሬም ከካርቶኑ ጋር አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ያልተጣራውን ክፍያ፣ ደመወዙ የተሰላበትን መንገድ፣ ሌሎች ክፍያዎችን፣ የተቀናሹን መጠንና ዓይነት፣ እንዲሁም የተጣራውን የሚያሳይ የክፍያ መዝገብ እንዲይዝ ያዛል። ሠራተኛው ሲጠይቅ ማሳየትና ማስረዳትም ግዴታው ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ሠራተኛው መዝገቡ ላይ ያለውን ገንዘብ ሳይቃወም ተቀበለ ማለት ከዚያ በላይ የሚገባውን መብት ተወ ማለት አይደለም። «ፈርመህ የለም ወይ?» የሚለው የኛ የሒሳብ ሰዎች የዘወትር መልስ ውኃ አይቋጥርም።

ወረቀቱ የማይሰጥበትን ምክንያት ስጠይቅ የሚሰጠኝ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ወረቀትና ቀለም ተወደደ። እውነት ነው፣ ተወዷል። ነገር ግን እንተዋወቃለን። በአንዳንድ ቤት ሁለት ፔሮል አለ፤ አንዱ ለግብር፣ አንዱ ለኪስ። 8,000 የሚከፈለው ሰው ለግብር መሥሪያ ቤቱ 3,000 ተብሎ ይጻፋል። ሠራተኛውም ግብሩ ስላነሰለት ደስ ይለዋል፤ ጡረታውም የሚሰላው በዚያው በተጻፈው 3,000 ላይ መሆኑን የሚያውቀው ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ነው። ከግል ድርጅት ሠራተኛ ደመወዝ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ ይገባል፤ በ8,000 እና በ3,000 መካከል ያለው ልዩነት በየወሩ 900 ብር ከጡረታ መዋጮ ላይ የሚጠፋ ነው። እንዲህ ያለ ቤት የደመወዝ ወረቀት ቢሰጥ የገዛ ምስክሩን በገዛ እጁ አትሞ ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ አይሰጥም። የቀለሙ ነገር ሰበብ ነው።

ሌላው ዓይነት ችግር ወረቀቱ ተሰጥቶ ምንም የማይናገርበት ነው። በታኅሣሥ አንድ መምህር ሁለት ቦታ የሚያገኘውን ደመወዝ ደምሮ ሊያሳውቅ ፈልጎ ጠረጴዛዬ ፊት ተቀመጠ። ቀን በሚያስተምርበት ቦታ 9,000 ነው፤ ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ ግብር 1,400፣ ጡረታ 630፣ ሁሉም በየረድፉ። የማታው አሠሪ የሰጠው ግን ከደብተር የተቀደደ ግማሽ ገጽ ላይ «5,300» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፎ ማኅተም የተመታበት ነው። ማኅተሙ እጅግ ያምራል።

አሁን ይህን ቁጥር ወደ ኋላ እንፍታው። ጡረታ ካልተቆረጠበት፣ ያልተጣራው 6,000 ነው፤ 700 ብር ግብር ሲነሣ 5,300 ይቀራል። ጡረታ ተቆርጦበት ከሆነ ግን ያልተጣራው 6,575.34 ይሆናል፤ 815.07 ለግብር፣ 460.27 ለጡረታ ወጥቶ ያው 5,300 ነው። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ደመወዝ። ሁለቱም አሠሪዎች የመጀመሪያውን 2,000 ብር ነፃ አድርገው ስለሚነሡ፣ ሲደመር ተጨማሪ ግብር ይመጣል፤ የማታው 6,000 ከሆነ 1,100 ብር፣ 6,575.34 ከሆነ 1,186.30። ሕግ አክባሪ ሆኖ ግብሩን በእግሩ ይዞ የመጣ ሰው ስንት እንደሚከፍል ለማወቅ መገመት ነበረበት። እኔ ደግሞ በግምት ቅጽ አልሞላም። ለአሠሪው የሦስት መስመር ደብዳቤ ጻፍንለት። መልሱ ሦስት ሳምንት ቆይቶ መጣ፤ ጡረታ አልተቆረጠም ነበር።

የእኅቴ ልጅ አሜሪካ ነው የሚሠራው። ይህን ስነግረው ሳቀና የራሱን አገር ደንብ አጫወተኝ። እዚያ ሠራተኛው ራሱ በየዓመቱ ግብሩን ያሳውቃል፤ አሠሪው የዓመቱን ጠቅላላ ደመወዝና የተቀነሰውን ግብር የያዘ ደብሊው ቱ የሚባል ወረቀት እስከ ጃንዋሪ 31 መስጠት አለበት። አሠሪው ቢጠፋ ወይም እምቢ ቢል ሠራተኛው በመጨረሻው የደመወዝ ወረቀቱ ላይ ያለውን ድምር ይዞ 4852 የተባለውን ቅጽ ይሞላል፤ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው፣ ዋናውን ለማግኘትም ምን እንደሞከረ ይጽፋል። ወረቀቱ እንደ ዋናው አይቆጠርም፤ ዋናው ሲጠፋ ግን ሰውየውን ባዶ እጁን አይተወውም። ይህ የሆነው እዚያ ያሉ አሠሪዎች ከኛዎቹ ይልቅ ደግ ስለሆኑ አይመስለኝም። አብዛኛውን ጊዜ በየወረቀቱ ላይ ከወሩ ሒሳብ ጎን ከዓመቱ መጀመሪያ እስከዚያ ቀን ያለው ድምር ስለሚታተም ነው። የመጨረሻዋ አንዲት ቁራጭ የዓመቱን ሁሉ ትናገራለች። ከዚያ አገር አሠራር የምመኘው ይህን አንድ ረድፍ ነው።

እንግዲህ ልመናዬ። አሠሪዎች ሆይ፣ የጥርን ወረቀት ስጡ። ጥምቀት አልፏል፤ ሆቴሎቻችን ሞልተው ነበር፤ ከከተራ ጀምሮ ሌሊቱን ሁሉ ትሪ ይዞ ሲመላለስ የሰነበተውን ልጅ ሁላችንም አይተነዋል። በሕዝብ በዓል ቀን ለተሠራ ትርፍ ሰዓት ሕጉ የሰዓቱን ደመወዝ ሁለት ተኩል እጥፍ ይላል። ይህን ክፍያ «ሌላ» በሚል አንድ ቃል አትደፍኑት። ስንት ሰዓት፣ በስንት እጥፍ፣ ስንት ብር ብላችሁ ጻፉት፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከደመወዙ ጋር ተደምሮ ግብር ስለሚከፈልበት፣ ካልተለየ የወሩን ግብር ማንም ማጣራት አይችልም። «ልዩ ልዩ ተቀናሽ» የሚለውንም ተዉት። የሰበረው ብርጭቆ ከሆነ ብርጭቆ በሉት፤ የዕቁብ ከሆነ የዕቁብ በሉት። እኔ ራሴ በዚያ ረድፍ ስር ስንት ነገር እንደቀበርኩ አውቃለሁ።

ባልደረቦቼ፣ ለእናንተ የምለው አጭር ነው። ኤክሴላችሁን ክፈቱና 302.50ን ፈልጉ። ካገኛችሁት ከሐምሌ ጀምሮ ያለ አግባብ የተቆረጠውን መልሱ። ከዚያ በኋላ አንድ ረድፍ ጨምሩ፤ «ከሐምሌ ጀምሮ የተቀነሰ ግብር ድምር» በሉት። ፔሮሉ እዚያው ስላለ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የሠራተኛውን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም ጻፉበት፤ ቁጥሩ የሌለበት ወረቀት ከአንድ የግብር መስኮት ወደ ሌላው የሚንከራተት ስም ብቻ ነው። ወረቀቱን ደግሞ በሱቅ ደረሰኝ ማተሚያ አታትሙት፤ የዚያ ወረቀት ጽሑፍ እየቆየ ይደበዝዛል፤ ዓመት ሳይሞላው ነጭ ሆኖ ያየሁት ብዙ ነው። ሠራተኞችም ብትሆኑ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት።

ግብር ለምትረከቡ መሥሪያ ቤቶች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 የግል ድርጅት ሠራተኞች የሥራ ግብር ለክልሉ የተሰጠ ገቢ ነው። ከኛ ደመወዝ የወጣው ብር መንገዳችን ላይ፣ ጤና ጣቢያችን ላይ ሊውል ነው የሚመጣው፤ እንዲመጣም እንፈልጋለን። አሠሪው የሠራተኞቹን ዝርዝር በየወሩ ለእናንተ ያስገባል። በዚያ ዝርዝር ላይ አንዲት መስመር የዚያች አስተናጋጅ ናት። የመለያ ቁጥሯንና መታወቂያዋን ይዛ ስትመጣ ያቺን አንዲት መስመር ብቻ አሳዩአት፤ በነሐሴ 500 ገባልሽ ወይም 697.50 ገባልሽ በሏት። የሌላውን ሰው መስመር በካርቶን ሸፍኑት፤ አሠራሩን እኔ መጥቼ አሳያችኋለሁ። የደመወዝ ወረቀቷን ግብር መከፈሉን እንደሚያረጋግጥ ደረሰኝ ቁጠሩላት አልልም፤ አይደለምም። የአቤቱታ መነሻ አድርጋችሁ ግን ተቀበሏት። «አሠሪሽ ይምጣ» ማለት በተከሳሹ በኩል ክሰሺ ማለት ነው። አዲሱንም ሠንጠረዥ ከበሩ ላይ በትልቁ ለጥፉት፤ በአሁኑ ጊዜ ሰው የሚያየው ከጎረቤቱ ስልክ ላይ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ግማሹ አሮጌው ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። እኛ ጎንደሮች «ግብር» ስንል ሁለት ነገር እናውቃለን፤ የሚከፈለውንና የሚበላውን። በዚያ በፋሲል ግቢ ውስጥ የአፄ በካፋ የግብር አዳራሽ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ሰው ግብር ገባ ሲባል ተቀምጦ በላ ማለት ነበር። በዚያ አዳራሽ እንኳ ማን የት እንደሚቀመጥና ምን እንደሚቀርብለት የታወቀ ሥርዓት ነበረው፤ እንጀራው ለማን እንደተቆረሰ ይታይ ነበር።

አስተናጋጇ ባለፈው ሳምንት በዚህ በኩል ስታልፍ ጎራ አለች። ወንድሟ ብድሩን አግኝቷል። የታኅሣሥ ወረቀቷን አሳየችኝ፤ ግብር 500፣ የተጣራ 4,150። 790 ብሩ አልተመለሰም። ለሆቴሉ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍንና የወረቀቶቹን ኮፒ አያያዝንበት፤ የተረከበው ሰው እንዲፈርምልን ሌላ ኮፒ ለራሷ አስቀረንላት።

አዲሱን ሠንጠረዥ በአንድ ገጽ አትሜ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫለሁ። አሠሪም ይምጣ ሠራተኛም ይምጣ፣ የፎቶ ኮፒውን ከፍሎ ይውሰድ። እሑድ ብቻ አልኖርም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሒሳብ ሠራተኛ
ጎንደር፣ ጥር 2018 ዓ.ም.